ሆዴን የዘጋው የጣኢፍ በለስ

በለስ እወዳለሁ። ይህን መጀመሪያ ልናገርና ልገላገል። የራያ ቆቦ ልጅ ሆኖ በለስ የማይወድ ካለ እኔ አላውቀውም። እኛ አገር በክረምት በየመንገዱ በባልዲ ይሸጣል። እየላጡ መጉረስ ነው። ፍሬውን የሚተፋም የሚያኝክም የለም፤ እንደ ውኃ ቁልቁል ነው የሚወርደው። ታዲያ ይኼ የምወደው በለስ ባሕር ተሻግሮ ሪያድ ድረስ ተከተለኝና ሊገድለኝ ምንም አልቀረውም። በሆዳችሁ ላይ ከረጢት ለጥፋችሁ የምትኖሩ እህት ወንድሞቼ፣ ይኼን በተለይ ለእናንተ ነው የማወራው። ሌሎቻችሁም ብትሰሙ አትጎዱም።

ነገሩ የሆነው በ2007 ዓ.ም. ክረምት ነው። ባዲዓ በሚባለው የሪያድ ሰፈር አንድ ቤተሰብ ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። የቤቱ እመቤት መዳም ኑራ ትባላለች። ባሏና ልጆቿ አሉ፤ የባሏ እናት ማማ ሙዲ ደግሞ አብረውን ይኖራሉ። የእኔ ዋና ሥራ እሳቸው ነበሩ። አበላቸዋለሁ፣ አለብሳቸዋለሁ፣ ጉልበታቸውን አሻቸዋለሁ። ማማ ሙዲ ዱላቸውን ይዘው ቤቱን ሁሉ የሚዞሩ፣ አፋቸው የማያርፍ አሮጊት ናቸው። ሁለት ነገር ከወሬያቸው አይጠፋም። አንዱ የሆዳቸው ድርቀት ነው፤ ሌላው ንጽሕና። ልብሳቸው ላይ ጠብታ ካረፈ ይቀየራል። ሌላ ሰው የጠጣበት ብርጭቆ ታጥቦ፣ ደግሞ ታጥቦ፣ እንደገና ካልታጠበ አይቀርብላቸውም።

በዚያው ዓመት ጥር ላይ ሆዴን አንድ ቀን ያዘኝ። እንዲሁ የማያስቆም የማያስቀምጥ ነገር። መዳም ኑራ ሆስፒታል ወሰደችኝ፤ ስነቃ ሆዴ ተቀዷል። ሐኪሙ “አንጀትሽ ተጠምዝዞ ነበር፤ የሞተውን ቆርጠን አውጥተናል” አለኝ። የቀረውን ጫፍ በስተቀኝ ሆዴ ላይ አውጥተውታል። ቀይ ነው፣ እርጥብ ነው፣ ከንፈር ይመስላል። በላዩ ላይ ከረጢት ተለጥፏል፤ የበላሁት ሁሉ ቀጥኖ የሚወጣው እዚያ ውስጥ ነው። “አይዞሽ፣ ለዘለዓለም አይደለም። ስታገግሚ፣ ሙቀቱ ሲበርድ፣ መልሰን እንቀጥለዋለን” አለኝ።

ከሆስፒታል በወጣሁ ዕለት መዳም ኑራ መኪና ውስጥ እጄን ያዘችኝ።

“ዘይነብ፣ ለማማ ትርፍ አንጀት ነበር ብያቸዋለሁ። ስለ ከረጢቱ ትንፍሽ እንዳትዪ። ካወቁ ከእጅሽ ውኃ አይጠጡም። ለልጃቸው ነግረው ኹሩጅ ያስመቱብሻል፤ እኔም ላድንሽ አልችልም።”

ኹሩጅ ማለት እስከ ወዲያኛው ከአገር የሚያስወጣ ማኅተም ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን አገሬ ነው፣ ልግባ እል ነበር። አንጀቴ ሳይቀጠል ከገባሁ ግን ምን ልሆን ነው? ቆቦ ላይ ያን ከረጢት ማን ይሰጠኛል? ያለቀብኝ ቀን ምን ልለጥፍ ነው፣ የሱቅ ፌስታል? ስለዚህ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐሳቤ ሁሉ አንድ ሆነ፤ እስኪቀጥሉልኝ ድረስ ማማ ሙዲ እንዳያውቁ።

ሆዴ ላይ የወጣችውን “ወሬኛዋ” ብዬ ስም አወጣሁላት። ያለ ቦታዋ ትናገራለቻ! ሰው ዝም ባለበት፣ ማማ ሙዲ ቁርኣን በሚያዳምጡበት ሰዓት ጉርርር ትላለች። ያን ጊዜ እኔ ማንኪያ እጥላለሁ፣ ወይም እስላለሁ። “ይቺ ልጅ እጇ ቅቤ ነው እንዴ? ሁሉ ነገር ያመልጣታል” ይላሉ ማማ። ኧረ እጄስ ደህና ነው!

ቀስ እያልኩ ጠባይዋን አወቅሁት። ፉልና ጎመን ያስጮኻታል። እንቁላልና ሽንኩርት ያሸታታል። ሩዝ፣ ሙዝ፣ የተቀቀለ ድንች ሲሆን ጭምት ትሆናለች። ነርሷ ጨው ጣል ያለበት ውኃ እንድጠጣ፣ ምግቤን አድቅቄ እንዳኝክ፣ ለውዝና ፈንዲሻ፣ በቆሎና የፍራፍሬ ፍሬ እንዳላስጠጋ ነግራኛለች። እኔ ግን ከነርሷ የበለጥኩ ብልጥ ነኝ ብዬ የራሴን ዘዴ ጨመርኩ፤ ቀን ቀን ጭራሽ አለመብላት። የሚገባ ከሌለ የሚወጣ አይኖርም ብዬ። ማማ ሙዲ እስኪተኙ እጾማለሁ፣ ከዚያ እንደ ተራበ ጅብ እወርድበታለሁ። ባዶ አንጀት ከጠገበው ይልቅ እንደሚጮኽ ማን ይንገረኝ? ከስቼ ቀሚሴ እንጨት ላይ የተሰቀለ ይመስል ነበር።

ሌላም ያቆምኩት ነገር ነበር። ሶላት። ቆሻሻ ሆዴ ላይ ተሸክሜ እንዴት ፈጣሪ ፊት እቆማለሁ? አዛን ሲል ኩሽና ገብቼ በሩን እዘጋና ዕቃ አጥባለሁ። የታጠበውን ዕቃ እንደገና አጥባለሁ። ማማ ሙዲ ከሳሎን ሆነው ያዩኛል። ምንም አይሉም ነበር፤ የእሳቸው ዝም ማለት ደግሞ የተለመደ ነገር አይደለም።

ረመዳን ካለፈ በኋላ መዳም ኑራና ባሏ ልጆቹን ይዘው ለመናፈስ ወደ ደጋዋ ከተማ ወደ ጣኢፍ ሄዱ። ቤቱ ውስጥ እኔና ማማ ሙዲ ብቻ ቀረን። ሱዳናዊው ሾፌር ዓም ዑስማን ውጭ ባለችው ክፍል አለ። አንድ ሐሙስ ጠዋት ዓም ዑስማን ካርቶን ተሸክሞ ገባ።

“ከጣኢፍ የተላከ ነው” አለ።

ከፈትኩት። በለስ! እነሱ በርሹሚ ይሉታል። ቀይና ቢጫ ሆኖ እሾሁ እንኳ ሳይረግፍ። እንባዬ መጣ።

“ማን ሊልጠው ነው ታዲያ?” አሉ ማማ ሙዲ። “ኑራ የለች። እሾሁ ይጨርስሻል።”

“ለእኔ ይተዉት ማማ።”

አጥቤ፣ ጫፍና ጫፉን ቆርጬ፣ በመሐል ሰንጥቄ ልጣጩን እንደ ጃኬት አወለቅሁት። ማማ ሙዲ አፋቸውን ይዘው ቀሩ።

“ሱብሓነላህ! የት ተማርሽው?”

“የአገሬ ፍሬ ነው። በዚህ ነው ያደግሁት።”

ትንሽ ቀመሱና “ይበቃኛል፣ ሆዴን ያደርቀዋል፤ አንቺ ብዪ” አሉኝ። እኔ ብሆን አልበላም ነበር ብላችሁ ትስቁብኛላችሁ፤ ግን ከትናንት ጀምሮ እህል በአፌ አልዞረም። ኩሽና ገባሁ፣ ቆሜ እየላጥኩ ጎረስኩ። እንደ ልጅነቴ ሳላኝክ ዋጥኩ። ነርሷ “የፍራፍሬ ፍሬ” ስትለኝ የብርቱካን፣ የሐብሐብ መስሎኝ ነው። የበለስ ፍሬ ፍሬ መሆኑ ትዝ ብሎኝ አያውቅም፤ በለስ በለስ ነው በቃ! ስንት እንደበላሁ አልቆጠርኩም። ሳህኑ በልጣጭ ሞልቶ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ከረጢቴን ብነካው ባዶ ነው። መጀመሪያ ደስ አለኝ፣ አትዋሹኝ እናንተም ደስ ይላችሁ ነበር። ወሬኛዋም ዝም ብላለች። እሰይ፣ ዛሬስ ጨዋ ሆነች አልኩ። ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ ሲደርስ ግን ዝምታዋ አላማረኝም። ቁርጠቱ መጣ። ይመጣል፣ ያጣድፈኛል፣ ይተወኛል፣ እንደገና ይመጣል። ዑድ የሚባል ሌላ ሰፈር የምትኖር ፋጡማ የምትባል ያገሬ ልጅ አለችኝ፤ ደወልኩላት። ስለ ከረጢቱ እሷም አታውቅም።

“ምን በልተሽ ነው እህቴ?” አለችኝ።

“በለስ።”

“በለስ! ያደርቃል እኮ፣ አገር ቤት ረሳሽው? አንድ ብርጭቆ ሰና መኪ አፍልተሽ ጠጪ፣ ጠርጎ ነው የሚያወጣው። ኸላስ፣ አታካብጂው።”

ሰና መኪ ቅጠል ነው፤ ሆድ ሲደርቅ ይጠጣል። ማማ ሙዲ በየሳምንቱ ይጠጡታል፤ ኩሽናው መደርደሪያ ላይ ቆርቆሮ ሙሉ አለ። ፋጡማ እንዳለችው ላፍላ ብዬ አሰብኩ፤ ግን ቢያጣድፈኝና ከረጢቱ ቢያመልጠኝስ፣ ማማ ፊት? ትንሽ ልታገሠው አልኩ። አርብ ጠዋት ቁርሳቸውን ሰጠኋቸው። ዞር ብዬ አስመለስኩ። ከረጢቴ አሁንም ባዶ ነው፤ ወሬኛዋ አብጣ ጠቆር ብላለች። ሆዴ እንደ ከበሮ ተወጥሯል። ያኔ ፈራሁ። ለመዳም ኑራ ደወልኩ፤ አይነሳም። ለማማ ብነግር ኹሩጅ ነው። ዝም ብል ደግሞ... ውኃ ጣድኩ።

ከመስጊዱ የኢማሙ የጁምዓ ስብከት በድምፅ ማጉያ ይሰማል። ሰናውን አፍልቼ፣ አጥልዬ፣ ብርጭቆው ከንፈሬ ጋ ሲደርስ ከኋላዬ ዱላ ጓ አለ።

“ምንድን ነው የምትጠጪው?”

“ሻይ ነው ማማ።”

“እኔን? ዕድሜዬን ሙሉ የጠጣሁትን ሰና በጠረኑ አላውቀውም?”

“ሆዴ ትንሽ ደርቆ ነው።”

“ከመቼ ጀምሮ?”

“ከትናንት።”

“ከትናንት! እኔ ሳምንት ሙሉ ሲደርቅብኝ ማን ከቁም ነገር ይቆጥረኛል? የዛሬ ልጆች...” ሊቀጥሉ ሲሉ ቁርጠቱ አጎነበሰኝ። ጠረጴዛውን ያዝኩ። ማማ ሙዲ ቀረብ አሉ፤ ዓይናቸው ሆዴ ላይ ቀረ።

“ቀና በይ እስቲ። ሆድሽ ምን ሆኖ ነው? አርግዘሻል እንዴ?”

የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል ይባላል፤ የእኔ ደግሞ ካልፈራሁት በኩልም መጣ። እርግዝና! በዚያ አገር፣ በዚያ ቤት! ወሬው ከሆዴ በላይ ነው የሚገድለኝ። ያበጠው ይፈንዳ አልኩና ቀሚሴን ገለጥኩ።

ማማ ሙዲ አዩ። አልጮኹም። ወደ ኋላም አላሉም።

“ይኼ ምንድን ነው?”

“አንጀቴ ነው ማማ። የሚወጣው በዚህ ነው። ትርፍ አንጀት አልነበረም። ከትናንት ጀምሮ ተዘግቷል።”

“ኑራ ታውቃለች?”

“ታውቃለች።”

ብርጭቆውን ከእጄ ወሰዱ፤ ሰናውን ገንዳው ውስጥ ደፉት። ዱላቸውን እያንኳኩ ወጡ። በስልክ ሲጮኹ ሰማሁ፤ “ዑስማን! ሶላቱ እንዳለቀ በቀጥታ ና! ይቺን ልጅ ትወስዳታለህ! ያላ!”

አለቀልኝ አልኩ። ክፍሌ ገባሁ። ሰው ሲባረር ልብሱን ነው የሚሰበስበው፤ እኔ ከረጢቶቼን ሰበሰብኩ። አልጋ ሥር የደበቅኋቸውን፣ ከልብስ መሐል ያሉትን፣ ሁሉንም ፌስታል ውስጥ ከተትኩ። ማልቀስ እንኳ አልቻልኩም፤ ሳለቅስ ሆዴን ያመኛል።

በሩ ተከፈተ። ማማ ሙዲ ዓባያቸውን ለብሰዋል።

“ምንድን ነው የምትቋጥሪው?”

“ማማ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ እስኪቀጥሉልኝ ብቻ ይታገሡኝ። አሁን አይላኩኝ። ምግብዎን አልነካም፣ ደጅ እተኛለሁ...”

“ወዴት ነው የምልክሽ? ሆስፒታል ነው እንጂ! ተነሺ!”

መኪናው ውስጥ ከጎኔ ተቀመጡ። ለእኔ ብለው ከቤት ሲወጡ ያን ቀን የመጀመሪያቸው ነው። ዓም ዑስማን ፊት ለፊቱን እያየ ይነዳል። ማማ ሙዲ ዱላቸውን ጉልበታቸው መሐል አቆሙና፦

“ሰናዬን የደፋሁት ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? የተዘጋ ቧንቧ ላይ ውኃ ሲለቁበት ምን ይሆናል?”

“ይፈነዳል።”

“ታዲያ!” አሉ። “አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እንዳትዋሺኝ። ለምንድን ነው የማትሰግጂው?”

ቁርጠቱ እስኪያልፍልኝ ጠበቅሁ። “ነጃሳ ተሸክሜ እንዴት ልስገድ ማማ?”

“ማን ነው ያለሽ?”

“ማንም። ራሴ ነኝ።”

ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ሲናገሩ ድምፃቸው ሌላ ሆኗል። “እኔ ደግሞ ፈጣሪዋን የተወች ልጅ ናት ብዬ... ለልጄ ነግሬዋለሁ። ሶላት ከማትሰግድ ሴት እጅ አልበላም፣ ከጣኢፍ ስትመለሱ ኹሩጅ ምቱላት ብዬዋለሁ። እሺ ብሎኛል።”

ወይ ጉድ! ያን ሁሉ ወር የተራብኩት፣ ማንኪያ የጣልኩት፣ ያለ ጉንፋን የሳልኩት እንዳልባረር ነበር። ሊያባርረኝ የነበረው ግን ከረጢቱ ሳይሆን መደበቄ ኖሯል። በዚያ ሁሉ ሕመም መሐል ሳቅ መጣብኝ፤ ሳቁም እንባ ሆነ።

“የልጆቼ አባት፣ አላህ ይዘንለት፣ ሽንቱ በቱቦ እየወረደ፣ ከረጢቱ ጎኑ ላይ ተንጠልጥሎ እስከ መጨረሻው ሰግዷል። ለእያንዳንዱ ሶላት ወቅቱ ሲገባ ውዱእ ታደርጊያለሽ፣ ትሰግጃለሽ፤ የሚወጣው ይውጣ! አላህ ራሱ የፈጠረውን ሆድ ከአላህ ትደብቂያለሽ?” ብለው ጉልበቴን በዱላቸው መታ አደረጉኝ። ሲቆጡ ነው የሚያምርባቸው።

ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ ሆዴን ዳሰሰ፣ ራጅ አነሱኝ፣ በአፍንጫዬ ቱቦ አስገቡ፣ ግሉኮስ ሰኩልኝ። “በሞቀ የጨው ውኃ ቀስ እያልን እንሞክረዋለን። ካልተከፈተ ዛሬውኑ ኦፕራሲዮን ነው” አለ። ነርሷ ቀጭን ቱቦ በወሬኛዋ አፍ አስገብታ ውኃ ትለቃለች፣ ትጠብቃለች፣ ትስባለች። ምንም የለም። እንደገና። ምንም።

እንደገና ሊከፍቱኝ ነው። ብነቃስ ይሁን አልኩ፣ ካልነቃሁስ? እናቴ በለስ በልታ ሞተች ሲሏት ታምናለች?

ማማ ሙዲ ከአልጋዬ ጎን ወንበር ላይ ናቸው። ነርሷ “ሐጃ፣ ወደ ቤት ይግቡ፣ እንደውልልዎታለን” ብትላቸው “የእኔ ሆድ ነው የሚያማት? ዝም ብለሽ ሥሪ!” አሏት። ትርጉሙን እስካሁን አላወቅሁትም። መቁጠሪያቸውን እያንቀሳቀሱ በየመሐሉ “ወጣ?” ይላሉ። “አልወጣም።” “አሁንስ?” “አልወጣም ሐጃ።”

ፀሐይ ወደ መጥለቂያዋ ስታዘነብል ነርሷ ቱቦውን አወጣች፤ ፊቷን አይቼ ተስፋ ቆረጥኩ። ሐኪሙን ልትጠራ ስትዞር ሆዴ ውስጥ አንድ ነገር ተገለበጠ። ጉርርርር! ክፍሉ ሁሉ ሰማ። ወሬኛዋ አፏን ከፈተች። መጀመሪያ ንፋስ፣ ቀጥሎ ውኃ፣ ቀጥሎ ያ የበለስ ፍሬ፣ እንደ ጠጠር ከረጢቱ ውስጥ ረገፈ።

“ወጣ!” አለች ነርሷ።

“አልሐምዱሊላህ!” ብለው ማማ ሙዲ ዱላቸውን ወደ ላይ አነሱ። ማዶ አልጋ የተኛችው ሴት፣ ልጅ የወለድኩ መስሏት፣ “ማብሩክ!” አለችኝ። እኔም ተቀበልኳት፤ ምን ላድርግ!

ነርሷ ከረጢቱን ከፍ አድርጋ አየችና ትቆጣኝ ጀመር። “ፍሬ አትንኪ ብዬሽ አልነበረም? ደግሞ ሰና ልትጠጪ ነበር አሉኝ! ተዘግቶ እያለ የሚያስቀምጥ መድኃኒት መጠጣት አንጀትሽን ሊያፈነዳው ይችል ነበር።” ማማ ሙዲ “ሰማሽ?” በሚል ዓይን አዩኝ።

ወዲያው የመግሪብ አዛን ተሰማ። ማማ ሙዲ ለነርሷ ውኃ አምጪ አሏት። አልጋዬ ላይ እንዳለሁ ውዱእ አደረግሁ። ግሉኮሱ በእጄ፣ ከረጢቱ በሆዴ፣ ከዚያ ሁሉ ወር በኋላ “አላሁ አክበር” አልኩ። በመሐሉ ወሬኛዋ ጮኸች። አላቋረጥኩም፤ አልሳልኩምም።

ይኼን ሁሉ ያወራሁት ለወሬ ያህል አይደለም። ከረጢት የምታደርጉ፣ ስሙኝ። በደንብ አኝኩ። የአገራችሁ ፍሬ ነው ብላችሁ አትመኑት፤ የሚወዱትም ይገድላል። ራሳችሁን በረሃብ አትቅጡ፣ በትንሽ በትንሹ ብሉ፣ ውኃ ጠጡ። ከረጢቱ ባዶ ሆኖ ሆድ ሲቆርጥና ሲያስመልስ ጎረቤት ያዘዘውን ቅጠል ትታችሁ ወደ ሐኪም ሩጡ። ከሁሉም በላይ አብሯችሁ ለሚኖር አንድ ሰው ተናገሩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል እሰማ ነበር፤ የሰማሁት በጆሮዬ ነበር እንጂ በሆዴ አልነበረም። እኔ ሰው የሚጸየፈኝ ከረጢቴን ሲያይ ይመስለኝ ነበር። ወሬኛዋን መጀመሪያ የተጸየፍኳት ግን እኔው ነኝ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከረጢቱን የምለጥፈው በደንብ ሳላያት ነበር።

ኹሩጁ ቀረ። ማማ ለልጃቸው ምን እንዳሉት አላውቅም፤ መዳም ኑራን ግን ከጣኢፍ ስትመለስ ሳሎን ጠርተው ሲቆጧት ድምፃቸውን በሩ አላስቀረውም። ሙቀቱ ሲበርድ አንጀቴን ቀጠሉልኝ። ዛሬ ቆቦ ነኝ፣ ከረጢት የለኝም፣ ጠባሳው አለ።

አንዷን ነገር ሳልነግራችሁ ግን አላበቃም። ከሆስፒታል በወጣሁ ማግስት ተኝቼ ሳለሁ ከኩሽና የዕቃ ድምፅ ሰማሁ። ማማ ሙዲ ኩሽና ገብተው ሲሠሩ አይቼ አላውቅም። ብነሳ፣ ያ የተረፈ በለስ ጠረጴዛው ላይ ነው። ልጣጩ ተዘነጣጥሏል፣ ጣታቸው እሾህ በእሾህ ሆኗል፤ በነጭ ነጠላ ጨርቅ እየጨመቁ ያጠልላሉ። ፍሬው ሁሉ ጨርቁ ላይ ቀርቷል።

“አምሮሽ ነበር አይደል?” አሉና ጭማቂውን ሰጡኝ። “እንኪ። ፍሬ የለውም፣ ሁለቴ አጥልዬዋለሁ።”

ቆሜ ጠጣሁ። ግማሽ ሲደርስ እንባዬ አላስጨርሰኝ አለና ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ማማ ሙዲ አነሱት፣ ሳያጥቡት የቀረውን ጠጡት።